መብራት በጠፋበት ቀን ቤቱ ምን ያደርጋል? ኃይል ቆጣቢና የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ቤት አሠራርና እድሳት

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችን ውስን ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ።

እ.ኤ.አ. በጁን 2021 መጨረሻ፣ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት፣ ሊተን በምትባል መንደር የአየሩ ሙቀት 49.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። በዚያ የሙቀት ማዕበል በክፍለ ግዛቱ 619 ሰዎች መሞታቸውን የአሟሟት መርማሪዎች አረጋግጠዋል። ከመቶ 98ቱ የሞቱት ቤት ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ በአሜሪካ ቴክሳስ ከባድ ብርድ መጥቶ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ሲስተጓጎል፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ብዙዎች በብርድ ሞቱ፤ ሌሎችን ደግሞ የገደላቸው ለመሞቅ ብለው ካነደዱት ነገር የወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ነው።

አንዱ ሙቀት ነው፣ አንዱ ብርድ። የቤቶቹ ጉድለት ግን ተመሳሳይ ነው፤ ያለ ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ ማሽን ሰው ማኖር አልቻሉም። ስለዚህ ዛሬ ቤትን የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ መብራት ቢጠፋ፣ ውጭው በዓመቱ ክፉ ቀን ላይ ቢሆን፣ ይህ ቤት ሰው ሳይጎዳ ለስንት ቀን ያኖራል? ኃይል መቆጠብና አደጋን መቋቋም ሁለት የተለያዩ ፕሮጀክቶች መስለው ይቀርባሉ። በተግባር ግን አብዛኛው ሥራቸው አንድ ነው፤ ወሳኙ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ የአየር ማፈትለክ፣ ከዚያ ፀሐይ፣ ከዚያ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያልፍ የሚከለክል ሽፋን)፣ መጨረሻ ላይ ማሽን። የተበላሹ እድሳቶችን ብትመረምሩ አብዛኞቹ ይህን ተራ ገልብጠው የተሠሩ ናቸው። ማሽኑን አስቀድሞ መግዛት ይቀላል፤ የሚታይ ነገር ስለሆነም ባለቤቱን ያስደስታል።

ከውሃ እንጀምር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 5,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ይህ ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ፣ በቱቦ ወርዶ፣ ከመሠረቱ ርቆ መሄድ አለበት። ቱቦው ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ መሠረቱ ዘወትር እርጥብ ይሆናል፤ እርጥብ ግድግዳ ደግሞ ከደረቅ ግድግዳ የበለጠ ሙቀት ያሳልፋል፣ ልስኑን ይጥላል፣ ፌሮውን ያዝጋል። በቤቱ ዙሪያ መሬቱ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትር ውስጥ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። አዲስ ቤት ከሆነ ከወለሉ ሶሌታ ሥር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ጠጠር ይነጠፍ፤ በላዩ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ፣ መጋጠሚያው በ15 ሴንቲ ሜትር ተደራርቦና በቴፕ ተዘግቶ ይዘርጋ። ጠጠሩ ከመሬት የሚሳበውን ውሃ ይቆርጣል፤ ላስቲኩ ተኑን ይገድባል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

በግድግዳ ላይ ያለው ችግር ደግሞ ረቂቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በካናዳ ቫንኩቨር አካባቢ የተሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ አፓርታማዎች ግድግዳቸው ከውስጥ በሰበሰ። ምክንያቱ ዛሬ በሚገባ የታወቀ ነው። ውጫዊው ልስን ብቻውን ውሃ እንዲያቆም ታስቦ ነበር፤ ከኋላው ውሃ ወርዶ የሚወጣበት ክፍተት አልነበረም፤ የጣሪያው ክፈፍ አጭር ወይም ጨርሶ ያልነበረ ነበር፤ በረንዳዎችና መስኮቶች ልስኑን በየቦታው ይሰነጥቁታል። አንዴ የገባ ውሃ መውጫ አጣ። ግድግዳው ኢንሱሌሽንና ላስቲክ የተደረገበት በመሆኑ ደግሞ እንደ ድሮው ቤት በሚያፈተልከው ሙቀት ቶሎ አልደረቀም። ኢንሱሌሽን የጨመርንበት ግድግዳ የመድረቅ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃን የመከላከሉ ሥራ ከበፊቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውጫዊው ሽፋን ኋላ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው፣ ክፍተቱን ከታች መክፈት፣ የሚገባው ውሃ በራሱ ክብደት ወርዶ እንዲወጣ ማድረግ፤ መፍትሔው ይህ ነው።

ውሃ በብዛት የሚገባው ደግሞ በመስኮት ዙሪያ ነው። ይህን አንድ ቦታ በዝርዝር እንየው። ለመስኮቱ የተተወው ክፍት ቦታ የታችኛው ጠርዝ ወደ ውጭ 5 ዲግሪ ያህል ያዘንብል፤ በውስጥ በኩል ትንሽ ከፍ ያለ ግድብ ይኑረው። በዚህ ጠርዝ ላይ ሜምብሬን የሚባል ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ይለጠፋል፤ በሁለቱ ጎኖች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ማዕዘኑ ላይ አይቆረጥም። ከዚያ የጎኖቹ ሜምብሬን የታችኛውን ደርቦ፣ በመጨረሻ የላይኛው የጎኖቹን ደርቦ ይለጠፋል። ሁልጊዜ የላዩ ከታቹ ላይ ይወድቃል። በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ የሚሞላውም ብዙ በማይነፋ ፎም ነው፤ በጣም የሚነፋው ፎም ፍሬሙን ገፍቶ መስኮቱ አልዘጋ ይላል። በውስጥ በኩል ዙሪያውን አየር በማያሳልፍ ቴፕ ይታሸጋል። በውጭ በኩል ከላይና ከጎን ይዘጋል፤ ከታች ግን በሲሊኮን አይደፈንም። ብዙ ሠራተኛ የታችኛውን ደፍኖ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። በማዕዘን የገባችው ጠብታ የምትወጣው በዚያ በኩል ስለነበር፣ አሁን ግድግዳው ውስጥ ትቀራለች።

ቀጥሎ አየር። ወፍራም ሹራብ ለብሶ ነፋስ ላይ የቆመ ሰው እንደሚበርደው ሁሉ፣ አየር የሚያፈተልክበት ቤትም ኢንሱሌሽኑ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ጥቅሙ ይባክናል። ሞቃት አየር ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ በምትኩ ከታች ቀዝቃዛው ይገባል። ቤቱ በረዘመ ቁጥር፣ የውስጥና የውጭ ልዩነት በሰፋ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደፈነው ኮርኒሱ ነው፦ የሽቦና የቱቦ ማለፊያዎች፣ የመብራት ቀዳዳዎች፣ ወደ ጣሪያ ሥር መውጫው ክዳን፣ ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበት መስመር። ቀጥሎ ወለሉ አጠገብ ያሉት። መሐል ላይ ያሉት መስኮቶች ብዙ ጊዜ ከሚወቀሱት ያነሰ ድርሻ አላቸው።

ማፈትለክ በትክክል የሚለካው በሩ ላይ በሚገጠም ቬንቲሌተር ነው። ቬንቲሌተሩ በቤቱና በውጭው መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈጥራል፤ ከዚያ በሰዓት የቤቱ አየር ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ይነበባል። አሮጌ ቤት ላይ 10 እና ከዚያ በላይ ማግኘት የተለመደ ነው። ፓሲቭ ሃውስ የተባለው ጥብቅ የኃይል ቆጣቢ ቤት መመዘኛ ለአዲስ ቤት 0.6፣ ለእድሳት 1.0 ይፈቅዳል። መሣሪያው ከሌለ ነፋስ ባለበት ቀን መስኮቶቹን ሁሉ ዝጉ፣ የማብሰያና የመታጠቢያ ቤት ማውጫ ቬንቲሌተሮችን ክፈቱ፣ የሚጨስ ቀጭን ነገር ይዛችሁ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። ጭሱ የተገፋበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ቤት ውስጥ የሚነድ ምድጃ ወይም የጋዝ ማሞቂያ ካለ ከሙከራው በፊት ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፤ ያለበለዚያ ቬንቲሌተሩ ጭሱን ከጭስ ማውጫው መልሶ ወደ ክፍሉ ይስበዋል። ቤቱ ከተደፈነ በኋላም ያው አደጋ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ጭስ ማውጫው እንደገና ይፈተሽ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም ይሰቀል።

የአየር ማፈትለክ የእርጥበትም ጉዳይ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር፣ ወደ 9 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ሻጋታ ግን ጤዛውን እስኪያይ አይጠብቅም፤ በግድግዳው ገጽ ላይ ያለው እርጥበት 80 በመቶ ላይ ከቆየ ይበቅላል። በዚያው አየር ይህ የሚሆነው ገጹ ከ12.5 ዲግሪ አካባቢ በታች ሲወርድ ነው። ሻጋታ ከቁም ሣጥን ኋላና በማዕዘን የሚጀምረው እነዚያ ቦታዎች ሞቃቱ አየር ስለማይደርሳቸው ነው። አራት ሰው የሚኖርበት ቤት በትንፋሽ፣ በማብሰል፣ በመታጠብና በልብስ ማድረቅ በቀን 10 ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ስለዚህ ቤቱን ካሸግን አየሩን አስበን መለወጥ ግዴታችን ነው፤ ለአንድ ሰው በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ያህል። ሙቀትን መልሶ የሚይዝ የአየር መለዋወጫ ማሽን ከሚወጣው አየር ሙቀት ከ75 እስከ 90 በመቶውን ለሚገባው ያስተላልፋል። ማጣሪያው በየ3 እስከ 6 ወሩ መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ማሽኑ ይጮኻል፣ አየሩ ይቀንሳል፣ ነዋሪውም ያጠፋዋል። ማሽኑ ባይኖር እንኳ ከመታጠቢያ ቤትና ከማብሰያ ክፍል አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቬንቲሌተር ይኑር። «ወደ ውጭ» የሚለውን ልብ በሉ፤ ወደ ጣሪያ ሥር የሚያወጣ ቬንቲሌተር እንጨቱን ያበሰብሳል።

ፀሐይ። በሞቃት ወቅት ቤትን የሚያጋግለው ዋናው ነገር በመስታወት የሚገባ ጨረር ነው። ወደ ምዕራብ የሚያይ 2 ካሬ ሜትር ነጠላ መስታወት በጠራ ቀን ከሰዓት በኋላ ከ1 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ያስገባል፤ ክፍሉ ውስጥ ምድጃ እንደ ማብራት ነው። መጋረጃ ከውስጥ ሲሰቀል ጨረሩ መስታወቱን አልፎ ገብቷል፤ መጋረጃው ይሞቃል፣ ክፍሉን ያሞቃል። ያው ጥላ ከውጭ ሲሆን ሙቀቱ ውጭ ይቀራል። የውጭ መዝጊያ፣ ሸራ ወይም የሸንበቆ መከለያ ከማንኛውም ውድ መስታወት በፊት ይታሰብ። የክፈፉን ርዝመት መገመት አያስፈልግም፤ ይሰላል። ከክፈፉ እስከ መስኮቱ ግርጌ 1.5 ሜትር ከሆነና ቀትር ላይ ፀሐይዋ በ70 ዲግሪ ከፍታ ካለች፣ 55 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ያጠላል። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ወርዳ 20 ዲግሪ ላይ ስትደርስ ግን ያንኑ መስኮት ለማጥላት ከ4 ሜትር በላይ ክፈፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ክፈፍ አይረዳም፤ መስኮቱን አሳንሱ፣ ቁም መከለያ አድርጉ ወይም ዛፍ ትከሉ። መስታወት መምረጥ ካለባችሁ፣ ነጠላ መስታወት በየካሬ ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ልዩነት 5.7 ዋት ያህል ያሳልፋል፤ ድርብ 2.8፤ በመካከሉ አርጎን ጋዝና ሙቀት አንጸባራቂ ስስ ቅብ ያለው ድርብ 1.1 ገደማ። ፍሬሙ አልሙኒየም ከሆነ በውስጡ ሙቀት የሚቆርጥ ፕላስቲክ ይኑረው፤ ያለዚያ መስታወቱ የቆጠበውን ፍሬሙ ያባክነዋል።

አሁን ወደ ኢንሱሌሽን። ልስን የተደረገበት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት በካሬ ሜትር በአንድ ዲግሪ ልዩነት 2.5 ዋት ያህል ሙቀት ያሳልፋል። 5 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ሱፍ ሲጨመርበት ወደ 0.56 ይወርዳል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ 0.31፤ 20 ሲሆን ወደ 0.17። የመጀመሪያው 5 ሴንቲ ሜትር የሠራውን የመጨረሻው 10 አይሠራም። በጀቱ ጠባብ ከሆነ አንዱን ግድግዳ ከማወፈር ይልቅ ቤቱን በሙሉ፣ ሳያቋርጡ፣ በመጠኑ መሸፈን ይሻላል። ምክንያቱን በቁጥር እንየው፦ ጥሩ ኢንሱሌሽን ያለው ኮርኒስ 0.25 ዋት ያሳልፋል እንበል። ከስፋቱ 5 በመቶው ብቻ ሳይሸፈን ቢቀርና በዚያ ቦታ 3 ዋት ቢያልፍ፣ በጠቅላላው የሚያልፈው ሙቀት በ55 በመቶ ይጨምራል። ጥግ ላይ ያልደረሰ ሱፍ፣ ተነሥቶ ያልተመለሰ ክዳን፣ ሠራተኛ ረግጦት የተጨፈለቀ ቦታ፤ ኪሳራው የሚመጣው ከነዚህ ነው።

ነባር የብሎኬት ቤት ላይ የምንመርጠው ከውጭ መሸፈንን ነው። ግድግዳው ሞቃት ሆኖ ይቀራል፣ የሶሌታና የቢም ጫፎችም አብረው ይሸፈናሉ። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ግድግዳው ይታጠባል፣ የላላ ልስን ይነሣል። በኢንሱሌሽኑ ሰሌዳ ጀርባ ዙሪያውን ያልተቋረጠ የማጣበቂያ መስመርና መሐሉ ላይ ጥቂት ክምር ይደረጋል፤ ማጣበቂያው ከሰሌዳው ቢያንስ 40 በመቶውን ይሸፍን። ክምር ብቻ ካደረጋችሁ ከሰሌዳው ኋላ አየር ይዘዋወራል፤ ኢንሱሌሽኑ ዋጋ ያጣል፣ እሳት ቢነሣም እንደ ጭስ ማውጫ ይሆናል። ሰሌዳዎቹ እንደ ግንብ ድንጋይ መጋጠሚያቸው እየተፈራረቀ ይደረደራሉ። የመስኮት ማዕዘን ላይ መጋጠሚያ አይውደቅ፤ ሰሌዳው በማዕዘኑ ቅርጽ ተቆርጦ ይግባ። በሰሌዳዎቹ መካከል ስንጥቅ ከታየ በራሱ ቁራጭ ወይም በፎም ይሞላ፤ በሲሚንቶ አይደፈን፤ ሲሚንቶው ሙቀት የሚያልፍበት መስመር ሆኖ በኋላ ልስኑ ላይ ጥላው ይታያል። ማጣበቂያው ሲደርቅ በካሬ ሜትር ከ4 እስከ 6 ፊሸር ይመታል፤ ነፋስ በሚበረታበት በሕንፃው ጠርዞች ላይ ቁጥሩ ይጨምራል። በመስኮት ማዕዘኖች ላይ 20 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ልስኑን የሚይዝ የመረብ ቁራጭ በሰያፍ ይለጠፋል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ። ከዚያ ሙሉው መረብ በ10 ሴንቲ ሜትር እየተደራረበ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር በሆነው የመጀመሪያ ልስን የላይኛው ሲሶ ውስጥ ይቀበራል። መረቡን በደረቁ ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ በላዩ መለሰን ፈጣን ነው፤ ግን መረቡ አይያዝም፣ ልስኑም ይሰነጠቃል። ከመሬት እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ውሃ የማይመጥ ጠንካራ ፎም ይጠቀሙ። በፎም ላይ ጥቁር ወይም በጣም የጠቆረ ቀለም አይቀባ፤ ልስኑ ይግልና ይፈነዳል።

ስለ እሳት አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን ግሬንፌል ታወር በተነሣው እሳት 72 ሰዎች ሞተዋል። ሕንፃው ከጥቂት ጊዜ በፊት ታድሶ ነበር፤ እሳቱን ያዛመተው ዋናው ነገር በእድሳቱ የተገጠመው ፖሊኢታይሊን የተባለ ተቀጣጣይ ፕላስቲክ ያለበት ሽፋን ሲሆን፣ ተቀጣጣዩ የፎም ኢንሱሌሽንም አግዞታል። ፎቅ ባለው ሕንፃ የማይነድ የድንጋይ ሱፍ ምረጡ፤ ከሽፋኑ ኋላ ያለው ክፍተትም በየፎቁ እሳት በሚያቆም ነገር ይቆረጥ። በዚህ ላይ ዋጋ መደራደር አይገባም። ከኤሌክትሪክም ጋር ጥንቃቄ አለ፦ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ በኢንሱሌሽን ሙሉ በሙሉ የተከበበ ሽቦ የሚሸከመው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ፖሊስታይሪን ፎም ደግሞ የሽቦውን የፕላስቲክ ልባስ ሲነካ ያደርቀዋል፤ በቱቦ ውስጥ አሳልፉት። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ መብራቶች ለመሸፈን የተፈቀደላቸው ካልሆኑ ሱፍ አይጫንባቸው።

የቆርቆሮ ጣሪያ የራሱ ጠባይ አለው። ያልተቀባ አዲስ ቆርቆሮ ጨረርን በደንብ ያንጸባርቃል፤ የያዘውን ሙቀት ግን በጨረር መልሶ ማውጣት ስለማይችል ይግላል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ያደርጋል፤ 80 በመቶውን ይመልሳል፣ የቀረውንም ይለቃል። በጠራ ፀሐይ ጥቁር ጣሪያ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነጩ ከአየሩ ብዙም አይርቅም። ከሥሩ አንጸባራቂ ፎይል የምትዘረጉ ከሆነ፣ ከሚያብረቀርቀው ፊት ለፊት ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ክፍት አየር ይኑር፤ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ከኮርኒስ ወይም ከቆርቆሮ ጋር የተጣበቀ ፎይል ምንም አይሠራም። ፊቱ ወደ ታች ቢሆን ይመረጣል፤ ወደ ላይ ያየው በአቧራ ይሸፈንና ይደክማል። ማታ ደግሞ ጉዳዩ ይገለበጣል፦ ቆርቆሮው ወደ ጠራው ሰማይ ሙቀቱን ለቆ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፣ ከሥሩ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛው ሱፉ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከቆርቆሮው ሥር ተን የሚያሳልፍ፣ ውሃ ግን የማያሳልፍ ሜምብሬን ወደ አሸንዳው እያዘነበለ ይዘረጋ፤ በመካከሉም ከክፈፍ እስከ ጣሪያው ጫፍ የሚነፍስበት 50 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር።

ቀንና ሌሊት የሙቀት ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ በሚበልጥበት አገር፣ ከባድ ግድግዳና ወለል ትልቅ ሀብት ናቸው። ኢንሱሌሽኑ ከውጭ፣ ክብደቱ ከውስጥ ይሁን። በአንድ ቀን ውስጥ ሙቀት የሚይዘውና የሚለቀው የመጀመሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ማወፈሩ ለዕለት ቅዝቃዜ ብዙም አይጨምርም። ሌሊት መስኮቶች በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይከፈታሉ፣ ጠዋት ውጭው ከውስጡ ሊሞቅ ሲል ይዘጋሉ። ሌባና ወባ ትንኝ በሚያሰጋበት ቦታ ይህ የሚሠራው ፍርግርግና ወንፊት ሲኖር ነው፤ ሰው ፈርቶ መስኮቱን ከዘጋ ስሌቱ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። አየሩ እርጥብ ሆኖ ሌሊቱም በማይቀዘቅዝበት ቦታ ደግሞ ቀላል ግድግዳ፣ ሰፊ ጥላና የሚዘዋወር አየር ይሻላል። ኮርኒስ ላይ የሚሰቀል ቬንቲሌተር ከ20 እስከ 70 ዋት ወስዶ ሰው ላይ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ የሚሆን ቅዝቃዜ ያሳድራል፤ ትንሽ የፀሐይ ፓነልና ባትሪም ያንቀሳቅሰዋል።

ማሽኑን የምናነሣው አሁን ነው። የሙቀት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀትን ከውጭ ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ ማሽን፣ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያመጣል፤ መጠኑ ግን ከታደሰው ቤት ፍላጎት ጋር ይመጠን። በአሮጌው ቤት ልክ የተገዛ ኤር ኮንዲሽነር ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፤ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ክፍሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ይሆናል። ኤልኢዲ አምፖል መግዛትና የሙቅ ውሃ ቱቦን መሸፈን ዛሬውኑ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ማብራሪያ አያሻቸውም።

ነፋስ፣ ጎርፍና የሰደድ እሳት ይቀራሉ። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፦ በሴኮንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በካሬ ሜትር 55 ኪሎ ግራም ያህል፣ 45 ሜትር የሚነፍስ 125 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል። በጣሪያ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ከዚህም ይበልጣል፤ ቆርቆሮው ራሱ ግን በካሬ ሜትር ከ5 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሰንሰለቱ አይበጠስ፦ ቆርቆሮው ከእንጨቱ በጎማ ወሸር ባለው ቪቴ፣ እንጨቱ ከግድግዳው ቢም በብረት ማሰሪያ፣ ቢሙ ከመሠረቱ በፌሮ። ለስላሳ ምስማር ቆርቆሮው ሲርገበገብ ቀስ በቀስ ይነቀላል። በጠርዞቹ ላይ ቪቴው በእጥፍ ይቀራረብ። መስኮት ከተሰበረ ነፋሱ ከውስጥም ጣሪያውን ይገፋል፤ የውጭ መዝጊያ ፀሐይንም ነፋስንም የሚመክተው ለዚህ ነው።

ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ ወለሉን ከሚጠበቀው ውሃ በላይ ማንሣት ተወዳዳሪ የለውም። ማንሣት ካልተቻለ ሶኬቶችን፣ ብሬከሩንና ማሽኖችን ወደ ላይ አውጡ፣ ከታች የኖራ ልስንና ውሃ የማይመጥ ፎም ተጠቀሙ፣ በፍሳሽ መስመሩ ላይ ውሃ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ግጠሙ። ውሃን ሙሉ በሙሉ ለማገድ መሞከር ግን ወሰን አለው፦ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በእያንዳንዱ ሜትር የግድግዳ ርዝመት ላይ 500 ኪሎ ግራም ይገፋል። ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ፣ ግድግዳው ለዚያ ካልተሠራ፣ ውሃውን ማስገባት ቤቱን ያተርፋል። በሰደድ እሳት አካባቢ ደግሞ አብዛኛውን ቤት የሚያቃጥለው በነፋስ የሚበርረው ፍም ነው። የጣሪያ ሥር አየር ማስገቢያዎች ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የብረት ወንፊት ይኑራቸው፣ አሸንዳ ከደረቅ ቅጠል ይጽዳ፣ ከግድግዳው 1.5 ሜትር ድረስ የሚነድ ነገር አይኑር።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ላይሠራ ይችላል፤ ያስኬዳል፣ ግን ሙሉው ዕቅድ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ይስፈር። ዛሬ ጣሪያ ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ፣ ነገ ግድግዳው ላይ የሚጨመረውን አስባችሁ ክፈፉን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አርዝሙት። መስኮት የምትቀይሩ ከሆነ ፍሬሙን ወደ ግድግዳው የውጭ ጠርዝ አምጡት፤ ኢንሱሌሽኑ በኋላ ፍሬሙን ደርቦ ይሸፍነዋል። ከሠራተኛው ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ ሁለት ነገር ይግባ፦ ከመሸፈኑ በፊት የእያንዳንዱ ድርብርብ ፎቶግራፍ፣ እና የአየር ማፈትለክ ልኬት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ማሸጊያው ገና በሚታይበት ጊዜ። ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚደረግ ልኬት ስህተቱን ያሳያል፤ ለማረም ግን ልስን ማፍረስ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ አንድ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ መኝታ ክፍል፣ ሌላው በጣም በሚቀዘቅዘው ማዕዘን፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ይቀመጥ። ማዕዘኑ ላይ ንባቡ ለሳምንታት ከ70 በመቶ በላይ ከቆየ፣ ግድግዳውን በሻጋታ ማጥፊያ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት አሸንዳውንና ቱቦውን በዝናብ ጊዜ ወጥታችሁ ተመልከቱ፤ ደህና ከሆኑ የማውጫ ቬንቲሌተሩ አየር በትክክል መሳቡን አፉ ላይ ወረቀት አስጠግታችሁ ሞክሩ፤ እሱም ደህና ከሆነ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቁና የማዕዘኑን ገጽ ሙቀት ጎሕ ሳይቀድ ለኩ፤ ከ12.5 በታች ከሆነ በዚያ ቦታ ኢንሱሌሽኑ ተቋርጧል።